ማይክሮባዮም፦ የአንጀታችን ባክቴሪያዎችና ጤናችን

ማይክሮባዮም ማለት ሰውነታችን ላይና ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች፣ ፈንገሶችና ቫይረሶች በጠቅላላ ናቸው። ቆዳ ላይ አሉ፣ አፍ ውስጥም አሉ፤ የሚበዙት ግን ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። በ2016 የወጣ ስሌት እንደሚለው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አንድ ጎልማሳ 38 ትሪሊዮን ገደማ ባክቴሪያ ይዞ ነው የሚዞረው። የራሱ ሴሎች 30 ትሪሊዮን ገደማ ናቸው። ባክቴሪያው ሁሉ ቢመዘን ግን 200 ግራም ቢሆን ነው።

ምን ይሠራሉ? እኛ መፍጨት የማንችለውን አሰር (ፋይበር) እነሱ ይበሉታል። ከዚያ ቢዩቲሬት የሚባል አሲድ ይወጣል፤ የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ጉልበታቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከሱ ነው።

ምርምሩ የተሟሟቀው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በ2007 የሰው ማይክሮባዮም ፕሮጀክትን ከጀመረ ወዲህ ነው። ተስፋው ብዙ፣ የተረጋገጠ ሕክምናው ግን ገና ጥቂት ነው። በደንብ የተሳካው አንቲባዮቲክ ከተወሰደ በኋላ ለሚመጣና ለሚመላለስ አንድ ክፉ ተቅማጥ የሚሰጠው ነው፤ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባል ባክቴሪያ ያመጣዋል። ከጤነኛ ሰው ሰገራ የተገኙ ባክቴሪያዎችን ወደ ታማሚው አንጀት ያስገባሉ። ሲሰሙት ይቀፋል፣ ግን ይሠራል። በ2013 የታተመው ሙከራ ውጤቱ በጣም ግልጽ ስለነበር ካሰቡት ጊዜ በፊት አቁመውታል፤ በ2023 ደግሞ አሜሪካ በሚዋጥ እንክብል መልክ ፈቅዳዋለች።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የልጆች ምግብ እጥረት ላይ የተሠራው ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ የአንጀት ባክቴሪያን ታሳቢ ያደረገ ምግብ ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከለውዝና ካልበሰለ ሙዝ አዘጋጁ። በ2021 በወጣው ውጤት ይህን የበሉት ልጆች የተለመደውን ተጨማሪ ምግብ ከበሉት የተሻለ ክብደት ጨምረዋል፣ ያውም ካሎሪው አነስ ብሎ ሳለ። ይሄ ሁሉ መርካቶ የሚገኝ ነገር ነው።

እንጀራስ? «ፕሮባዮቲክ ነው»፣ ማለትም ለጤና የሚጠቅሙ ሕይወት ያላቸው ባክቴሪያዎች አሉበት ሲባል ይሰማል። አይደለም። ሊጡ ላይ የሚንሳፈፈው ቢጫማ እርሾ እርግጥ ሕይወት ባላቸው ባክቴሪያዎች የተሞላ ነው፤ የጋለ ምጣድ ላይ ፈስሶ አክንባሎ ሲከደንበት ግን ያልቅላቸዋል። ጥቅሙ ሌላ ጋ ነው። ሊጡ ሲቦካ ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የሚባል ነገር ይቀንሳል፣ ብረትና ዚንኩ በቀላሉ ወደ ሰውነት ይገባል። ጤፍ ደግሞ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ከነልጣጩ ነው የሚፈጨው፤ አሰሩ አይጣልም። ባክቴሪያውን በሕይወቱ ለሚፈልግ እርጎ አለ፣ ወተቱ ቀድሞ ይፈላ እንጂ።

እኔን የሚያንገበግበኝ የአንቲባዮቲክ ነገር ነው። ጉንፋን በያዘን ቁጥር ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን ገዝተን እንውጣለን። ጉንፋን የቫይረስ ስለሆነ መድኃኒቱ አይነካውም። የሚመታው ምንም ያላጠፉትን የአንጀት ባክቴሪያዎች ነው፣ መድኃኒቱን የለመዱትም እየበዙ ይሄዳሉ።

ሌላው ቁጭት ደግሞ እስካሁን የተመረመረው ናሙና አብዛኛው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ሰው መሆኑ ነው። በ2014 የታተመ ጥናት ሰው ወደ ሥጋ፣ እንቁላልና አይብ ሲዞር የአንጀቱ ባክቴሪያ በቀናት ውስጥ እንደሚለወጥ አሳይቷል፤ ይህን ለማየት ፈቃደኞች ፈልገው ምግብ መድበውላቸዋል። እዚህ መሀል አዲስ አበባ ማንም ሳይመድብለት ስንቱ ሰው ሁዳዴን 55 ቀን በሽሮ፣ በምስርና በጎመን ቆይቶ ፋሲካ ላይ በዶሮና በቅቤ ይፈስካል! የሳይንስ ግቢው አራት ኪሎ፣ የሕክምና ትምህርት ቤቱ ጥቁር አንበሳ፣ ሁለቱም የአንድ ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ በታክሲ ደቂቃዎች ቢወስድ ነው። ከጾሙ በፊት፣ በጾሙ መሀልና ከፋሲካ ሳምንት በኋላ ከዚያው ሰው ሰገራ ወስዶ ወዲያው ማቀዝቀዝ፣ የባክቴሪያዎቹን ዘረመል ማንበብ፣ ከማይጾም ጎረቤቱ ጋር ማወዳደር። ይሄ ጥናት እኛው ዘንድ ቢሠራ ያምርበታል።