ፎልደርን «ኮምፓክት» ማድረግ ምንድን ነው?

የኢሜይል ፕሮግራሙ «ፎልደሩ ሞልቷል» ይላል። ባለቤቱ ቁጭ ብሎ አንድ ሺህ ያህል መልእክት ከኢንቦክሱ ያጠፋል፤ ትራሹንም ባዶ ያደርጋል። ማስጠንቀቂያው ግን ንቅንቅ አይልም። ለምን ቢሉ፣ ዲሊት ማድረግ እንደ ስሙ አይደለም።

እንደ ተንደርበርድ ያሉ ፕሮግራሞች መልእክት የሚያስቀምጡት አብዛኛውን ጊዜ ኤምቦክስ በሚባል መንገድ ነው። ኢንቦክስ ስክሪን ላይ ደብዳቤ የታጨቀበት ሣጥን ይመስላል እንጂ ዲስኩ ላይ አንድ ረጅም የጽሑፍ ፋይል ነው። አዲስ የመጣው መልእክት ጭራው ላይ ይቀጠላል። ከመሃል አንዱን ለማውጣት ከሱ በኋላ ያለውን በሙሉ ወደ ላይ መሳብ የግድ ነው፤ ፎልደሩ 3 ጊጋባይት ከሆነ ለአንዲት ባለ ሁለት መስመር መልእክት ሲባል ያን ሁሉ እንደገና መጻፍ ሊመጣ ነው። ፕሮግራሙ ይህን አይሞክረውም። መልእክቱ ላይ «ጠፍቷል» የሚል ምልክት ያደርግበትና ከዝርዝሩ ይሰውረዋል። ጽሑፉ እዚያው ነው። እንዲያውም ወደ ትራሽ ሲሄድ ቅጂው በትራሹ ፋይል ላይ ስለሚጻፍ፣ 10 ሜጋባይት ያጠፋ ሰው ለጊዜው 20 ሜጋባይት ይዞ ይቀመጣል።

ኮምፓክት ማለት ይህን ውዝፍ ማጽዳት ነው። ፕሮግራሙ ፋይሉን ከላይ እስከ ታች አንብቦ ምልክት የሌለባቸውን ብቻ ወደ ጊዜያዊ ፋይል ይገለብጣል፤ ከዚያ አሮጌውን ጥሎ አዲሱን ይተካል። በተንደርበርድ ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ ነክቶ «ኮምፓክት»ን መምረጥ ይበቃል። ሁለቱ ፋይሎች ለአፍታ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ግን ዲስኩ ላይ የፎልደሩን ያህል ነጻ ቦታ መኖር አለበት። ዲስኩ ጢም እስኪል መጠበቅ አያዋጣም። ከመጀመር በፊት ባክአፕ መያዝም አይከፋም፤ ባክአፑ ፋት32 በሚባለው የፋይል አቀማመጥ የተፎረመተ ፍላሽ ላይ ከሆነ ግን 4 ጊጋባይት የደረሰ ፋይል አይቀበልም።

«ፎልደሩ ሞልቷል» የሚያሰኘው ገደብ ራሱ ከየት መጣ? ፕሮግራሙ እያንዳንዱ መልእክት ከስንተኛው ባይት እንደሚጀምር በቁጥር ይመዘግባል። መዝገቡ ባለ 32 ቢት ከሆነ ከ4,294,967,296 በላይ መቁጠር አይችልም፤ 4 ጊጋባይት የሚባለው አጥር ይኸው ነው። ሌላው የኢሜይል ፕሮግራም አውትሉክም እስከ 2002 እትሙ ድረስ፣ መልእክቶቹን የሚያጠራቅምበት ፒኤስቲ የተባለው ፋይል ከ2 ጊጋባይት እንዲያልፍ አይፈቅድም ነበር፤ ከ2010 እትም ወዲህ ነባሪው ጣሪያ 50 ጊጋባይት ሆኗል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመልእክት ብዛት ሲቆጥር ነው። ቦታ የሚበላው አባሪ ፋይል ነው፤ ኢሜይል ፎቶን ወደ ፊደል ቀይሮ ስለሚልክ 3 ሜጋባይት የነበረው 4 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ስለዚህ መልእክቶቹን በመጠን ደርድሮ ከላይ ያሉትን ሃያ ማጥፋት፣ ሺህ አጫጭር መልእክት ከመልቀም ይሻላል። የቀረውን በየዓመቱ ለየብቻ ፎልደር ከፍሎ ማስቀመጥ ነው፤ እያንዳንዱ ፎልደር የራሱ ፋይል ስለሚኖረው ኢንቦክሱ አጥሩ ጋ አይደርስም። እያንዳንዱን መልእክት ለብቻው ፋይል የሚያደርገው ሜይልዲር የተባለው አቀማመጥ ደግሞ ኮምፓክት አያስፈልገውም፤ እዚያ የጠፋ ጠፋ።