ውድ ጊታር ገዝቶ ማዘን፦ ስለ ኤሌክትሪክ ጊታርና አምፕ የሚወሩ ስህተቶች

ባለፈው ወር አንድ ጓደኛዬ ማታ ደወለልኝ። እንደ እኔው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ውስጥ በየሠርጉ ጊታር ይጫወት ነበር። አሜሪካ ሲመጣ ሥራው፣ ልጆቹ፣ የቤቱ ዕዳ ተደራረቡበትና ጊታሩ ተረሳ። ዘንድሮ ሃምሳ ሊሞላው ሲል "ለራሴም አንድ ነገር ላድርግ" አለና ከ4,000 ዶላር በላይ አውጥቶ የሚያምር ኤሌክትሪክ ጊታር ገዛ።

"እና እንዴት ነው?" አልኩት።

"ተሸወድኩ መሰለኝ። ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል።"

ሄጄ አየሁለት። ጊታሩ ምንም አልሆነም። የሰካው ግን ልጁ ሰባተኛ ክፍል እያለ በተገዛች፣ የምሳ ዕቃ በምታክል አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ላይ ነው። ያን ማታ ቡና እየጠጣን ስንከራከር አመሸን። እሱ ሲናገራቸው የነበሩትን ነገሮች ከብዙ ሰው አፍ ስለሰማኋቸው አንድ በአንድ ላንሳቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

"ጊታሩ ጥሩ ከሆነ አምፑ የፈለገው ይሁን"

የስህተቶች ሁሉ አባት ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ክራር ድምፁን በሆዱ ይዞ ይዞራል። ኤሌክትሪክ ጊታር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሆድ የለውም፤ ድፍን እንጨት ነው። ሳይሰካ ብትመቱት ከአጠገባችሁ ያለ ሰው ብቻ ነው የሚሰማው። ከክሮቹ ሥር ያለው ፒክአፕ ማግኔትና ብዙ ሺህ ዙር የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክሩ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። በገመዱ የሚወጣው እሱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቮልት እንኳን አይሞላም። ገና ድምፅ አልሆነም።

ድምፅ የሚሆነው አምፑና ስፒከሩ ጋ ሲደርስ ነው። የጊታር ስፒከር ደግሞ እንደ ሙዚቃ ማዳመጫ ስፒከር የመጣለትን ሁሉ እኩል አያወጣም። ከ5,000 ሄርዝ ገደማ በላይ ያለውን በጣም ቀጭን ድምፅ ይቆርጠዋል። ይሄ ጉድለት አይደለም። የለመድነው የጊታር ድምፅ የሚባለው ነገር ግማሹ ይሄ መቁረጥ ነው። ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር ኢፌክት) አድርጋችሁ በቀጥታ ሚክሰር ላይ ስትሰኩ እንደ ትንኝ የሚጮኸውም ለዚህ ነው፤ የሚቆርጥለት የለም። ስንት ሠርግ ላይ እንዲህ ተሰክቶ ሰምቻለሁ! ከዚያ የሚታማው ጊታሪስቱ ነው።

የእንግሊዙን የኩዊን ባንድ ጊታሪስት ብሪያን ሜይን ተመልከቱ። ዕድሜውን ሙሉ የሚጫወተውን ጊታር ከ1963 ጀምሮ ከአባቱ ጋር ቤት ውስጥ ነው የሠራው። አንገቱ ከአሮጌ የእሳት ምድጃ ክፈፍ የተገኘ ማሆጋኒ ነው። ስፕሪንጎቹ የሞተር ሳይክል ናቸው። ክሩን የሚመታው እንኳን በስድስት ፔንስ ሳንቲም ነው። ይህን ሁሉ የሚሰካው ግን ከፊቱ የድምፅ ማጠናከሪያ አድርጎ ቮክስ ኤሲ30 የሚባል አምፕ ላይ ነው። ከአሮጌ እንጨት በተሠራ ጊታርና በደህና አምፕ ዓለምን ዞረ። የእኔ ጓደኛ ተቃራኒውን አደረገ።

በእኔ አስተያየት 4,000 ዶላር ያለው ሰው ጊታሩ ላይ 2,500 አካባቢ አውሎ ቀሪውን ለአምፕ ቢያስቀምጥ አይቆጭም። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ቡናውን አስቀምጦ "ቀድመህ አትነግረኝም ነበር?" አለኝ። ቀድሞ መች ጠየቀኝ?

"ዋቱ በበዛ ቁጥር ይሻላል"

ጆሮ እንደ ሒሳብ አይቆጥርም። የአምፕ ዋት በእጥፍ ሲያድግ ጭማሪው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ብቻ ነው። ለጆሯችን "እጥፍ ጮኸ" እንዲመስለን ወደ 10 ዴሲቤል ያስፈልጋል፤ ይሄ ማለት አሥር እጥፍ ዋት ነው። 50 ዋት አምፕ ከ5 ዋት አምፕ አሥር ጊዜ አይጮህም፤ እጥፍ ያህል ነው። በ50 እና በ100 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ያን ያህል የሚያስደነግጥ አይደለም።

ስፒከሩም የራሱ ቅልጥፍና አለው። በአንድ ዋት 97 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር አውጥታችሁ 100 የሚሰጥ ብትተኩ ዋቱን በእጥፍ እንደጨመራችሁ ቁጠሩት። አምፑን ግን አልነካችሁትም።

ታዲያ ብዙ ዋት ምን ይሠራል? ከፍ አድርጋችሁም ድምፁ ሳይሰበር ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ። ከድራም ጋር መድረክ ላይ ንጹሕ ድምፅ የሚፈልግ ሰው ያስፈልገዋል። አፓርትመንት ውስጥ ያለ ሰው ግን 100 ዋት ቲዩብ አምፕ (በመስታወት ቱቦ የሚያጎላ፣ የድሮው ዓይነት) ገዝቶ ቮልዩሙን ቁጥር 1 ላይ ቆልፎ ነው የሚኖረው። አምፑ ከመሞቁ በፊት ጎረቤት ያንኳኳል። ለቤት 5 ዋት ቲዩብ ራሱ ይጮሃል፤ አይናቅ።

"ቲዩብ ካልሆነ አምፕ አይባልም"

ቲዩብ አምፕ እወዳለሁ። ጠንከር ስትመቱ ጠንከር፣ ለስለስ ስትሉ ለስለስ ይላል። ግን ሃይማኖት አይደለም። ሮላንድ በ1975 ያወጣው ጃዝ ኮረስ 120 የሚባል አምፕ በቲዩብ ፈንታ በትራንዚስተር ነው የሚሠራው፤ ዛሬም በንጹሕ ድምፁ ይፈለጋል። የብሉዝ ንጉሡ ቢ ቢ ኪንግም ላብ ሲሪስ ኤል5 የሚባል ትራንዚስተር አምፕ ሲጠቀም ነበር። እሱ ያላፈረበትን እኛ የምናፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

ለእኛ ዘፈን ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የሮሃ ባንዱን ጊታሪስት ሰላም ስዩምን እየሰማን ያደግን ሰዎች የምንፈልገው እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ እንዲሰማ ነው። አምባሰልን በወፍራም ዲስቶርሽን ሞክሩት፤ ጌጡ ሁሉ ይጠፋል። ትንሽ ሪቨርብ (ማስተጋቢያ) ያለው ንጹሕ አምፕ፣ ቲዩብም ሆነ ትራንዚስተር፣ ይበቃል።

ቲዩብ ለሚገዛ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ውስጡ 400 ቮልትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል፤ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ኤሌክትሪኩን ይዘው ይቆያሉ። "ከፍቼ ልየው" አይባልም።

"የፌንደር ጊታር ለፌንደር አምፕ"

ጋብቻ ላይ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ጊታር ላይ ሲሆን ግን ሰው ዘመድ ከዘመድ ማጋባት ይወዳል። ታሪኩ ሌላ ነው የሚናገረው። ጂሚ ሄንድሪክስ የፌንደር ስትራቶካስተር ጊታርን ማርሻል አምፕ ላይ ሰካ። ማርሻል ራሱ ከየት መጣ? በ1962 ለንደን ውስጥ ጂም ማርሻል ሱቅ የተሠራው የመጀመሪያው አምፕ መነሻው የፌንደር ቤዝማን ነበር። ቤዝማን ደግሞ ስሙ እንደሚለው ለቤዝ ጊታር የታሰበ ነው። ሊድ ተጫዋቾቹ ቀሙት።

ከስሙ ይልቅ ፒክአፑን እዩ። ነጠላ ጥቅል ያለው ሲንግል ኮይል ብሩህና ቀጠን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ከመብራት የሚመጣ "ዝዝዝ" የሚል ድምፅም ይሰበስባል። ሃምበከር ሁለት ጥቅል አለው፤ አንዱ የሌላውን ዝዝታ ያጠፋዋል። የጊብሰን ጊታር ኩባንያ ኢንጂነር የነበረው ሴት ላቨር (ሴት ስሙ ነው) በ1955 የሠራው ሲሆን ሌስ ፖል የሚባለው የጊብሰን ጊታር ላይ የገባው በ1957 ነው። ድምፁ ወፈር፣ ኃይሉም ጠንከር ይላል።

ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ጠንካራ ሃምበከር ያለውን ጊታር ቤዙ የበዛ፣ ድፍን ያለ አምፕ ላይ ስትሰኩት ጭቃ ይሆናል። ስለታም ሲንግል ኮይል በጣም ብሩህ አምፕ ላይ ሲገባ ደግሞ ጆሮ ይወጋል። አንዱ የጎደለውን ሌላው መሙላት አለበት። የጓደኛዬ ጊታር ሁለት ሃምበከር አለው፤ ስለዚህ ከላይ ብሩህ የሆነ አምፕ እንዲፈልግ ነገርኩት።

"ብዙ ብር የሚከፈለው ለድምፅ ነው"

ከፊሉ ብቻ። ከእኛ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ርቆ ስቲቨንስቪል የሚባል ቦታ ፒአርኤስ የሚባለው ኩባንያ የጊታር ፋብሪካ አለ። እዚያ የሚሠሩት ጊታሮች ውድ ናቸው። ኢንዶኔዥያ የሚሠሩት የዚያው ኩባንያ ኤስኢ ጊታሮች ደግሞ ብዙ ይረክሳሉ። ልዩነቱ የት ሄደ? የሠራተኛው ደመወዝ፣ ፍሬቶቹን (አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ብረቶች) ለማስተካከል የጠፋው ሰዓት፣ ቅኝቱን የሚይዙት ቁልፎች፣ ቀለሙ። ፊቱ ላይ እንደ ነበልባል የሚያበራው ሜፕልም አለ። ጥለቱ ከዳር ዳር እኩል ከወጣ "ቴን ቶፕ" ብለው ተጨማሪ ያስከፍሉበታል። ያ ለዓይን ነው። ለዓይን መክፈል ነውር የለውም፤ ነጠላም ለጥበቡ ነው የሚወደደው። ግን አምፑ ጥበብ አያይም።

"ድምፁን የሚሠራው እንጨቱ ነው"

ይሄ ክርክር ወንድማማች ያጣላል። አኩስቲክ ጊታር ላይ እንጨቱ ብዙ ነገር ነው። ኤሌክትሪኩ ላይ ፒክአፑ የሚያየው የብረት ክሩን እንቅስቃሴ ነው። እንጨቱ ያንን እንቅስቃሴ በመጠኑ ሊነካው ይችላል። ከፒክአፑ፣ ከክሩ ውፍረት፣ ከስፒከሩ አጠገብ ስታስቀምጡት ግን ትንሽ ነው። ይልቅ እንጨቱን በሚዛን መዝኑት። አምስት ኪሎ ጊታር ትከሻ ላይ ሦስት ሰዓት ሲውል ልዩነቱ ያኔ ይታወቃል።

ለእጅ ደግሞ የክሩ ርዝመት ይበልጥ ይሰማል። ፌንደር 25.5 ኢንች፣ ጊብሰን 24.75 ገደማ፣ ፒአርኤስ በመካከላቸው 25 ነው። አጭሩ ላይ ክሩ ላላ ስለሚል ለመሳብ ይቀላል።

"ውድ ዕቃ ማስተካከያ አያስፈልገውም"

ያስፈልገዋል። እንጨት አየሩን ይከተላል። እዚህ ክረምት ላይ ማሞቂያው የቤቱን አየር ሲያደርቀው የአንገቱ እንጨት ይኮማተራል፤ የፍሬቶቹ ጫፍ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል። ከ40 እስከ 60 በመቶ እርጥበት ላይ ጠብቁት፤ በዓመት አንድ ሁለቴ ለባለሙያ ስጡት። አለቀ።

"አሜሪካ ገዝቼ አዲስ አበባ ብሰካው ምን ይሆናል?"

ጊታሩ ምንም አይሆንም፤ ግድግዳ ላይ አይሰካም። አምፑ ግን ሊሞት ይችላል። እዚህ 120 ቮልት 60 ሄርዝ ነው፤ አገር ቤት 220 ቮልት 50 ሄርዝ። እኔ ራሴ ለአጎቴ ልጅ አንድ አምፕ በሻንጣ ላክሁ፤ በደስታ ሳያይ ሰካው። የደስታው ዕድሜ ሁለት ሴኮንድ ነበር።

"ቮልት መቀነሻ እገዛለሁ" ትሉ ይሆናል። መቀነሻው ቮልቱን እንጂ ሄርዙን አይለውጥም። ለ60 ሄርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር 50 ላይ ሲሠራ ይበልጥ ይሞቃል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የአምፑን ጀርባ አንብቡ። "50/60 ሄርዝ" የሚል ከሆነ በመቀነሻ ይሠራል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበሉ ዲጂታል አምፖች ደግሞ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ለአገር ቤት የሚላክ ከሆነ ምርጫዬ እነሱ ናቸው፤ በዚያ ላይ ቀላል ናቸው፣ ሻንጣው 23 ኪሎ ነው።

"ጊታር እያደር ዋጋው ይጨምራል"

ከ1958 እስከ 1960 የተሠሩት ሌስ ፖል ስታንዳርዶች ዛሬ የቤት ዋጋ ያወጣሉ። ያኔ ግን ገበያ ስላጡ ጊብሰን ሞዴሉን ለወጠው። የዛሬው አዲስ ጊታር ከሱቅ እንደወጣ እንደ መኪና ይወርዳል። ዋጋ ያሳሰበው ሰው ያገለገለ ይግዛ፤ ያንን ኪሳራ ሌላው ከፍሎለታል።

ጓደኛዬም ቅዳሜ ዕለት የራሱን ጊታር ተሸክሞ አብረን ሱቅ ሄድን። የሱቁ ጊታር ላይ አምፕ መሞከር የሌላ ሰው መነጽር አድርጎ ማንበብ ነው። ሦስት አምፕ መረጥን። ሻጩ መጥቶ ቮልዩሙን ከፍ ሊያደርገው እጁን ዘረጋ። ጮክ ሲል ሁሉም አምፕ ያምራል፤ ዝቅ ሲል ግን ጆሯችን ቤዙንና ቀጭኑን ድምፅ አሳንሶ ነው የሚሰማው። ጓደኛዬ ሳሎን ልጆቹ ተኝተው ነው የሚጫወተው።

"ተወው፣ እዚሁ ይሁን" አለው ሻጩን፣ ትዝታን ቀስ ብሎ ጀመረ።