ሥጋ ደዌ፣ ነርቭና ዓይን፦ በሰሜን ሸዋ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሥጋ ደዌ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቆዳን ነው። ጣት የሚያጣምመውና ዓይን የሚያጠፋው ግን በአብዛኛው ነርቭና ዓይን ውስጥ የሚነሳው ብግነት ነው። ሰውነት የበሽታውን ባክቴሪያ ሊያጠቃ ሲነሳ ነርቩ ያብጣል፤ ነርቭ ደግሞ በጠባብ ሽፋን የታሸገ ስለሆነ እብጠቱ መሄጃ አጥቶ ነርቩን ያንቀዋል። ጤና ባለሙያዎች ይህን ድንገተኛ መቆጣት «ሪአክሽን» ይሉታል።

«እጄ የደነዘዘው በብርድ ነው»

መንዝና ደብረ ብርሃን ላይ ይህን የማይል የለም። የብርድ መደንዘዝ ግን እሳት ሲሞቁ ይለቃል። በሥጋ ደዌ የሚመጣው አይለቅም፤ የአንድን ነርቭ መንገድም ተከትሎ ይሄዳል። ለምሳሌ ክርን አጠገብ ያለው ነርቭ ሲጎዳ የሚደነዝዘው ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ነው። ባክቴሪያው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ስለሚወድ ለቆዳ ቅርብ የሆኑትን ነርቮች ይመርጣል፦ ክርን፣ የእጅ አንጓ፣ ከጉልበት በስተውጭ፣ ቁርጭምጭሚትና ፊት።

ጤና ጣቢያ ውስጥ ምርመራው ቀላል ነው። ታማሚው ዓይኑን ይጨፍናል፤ መዳፉና የውስጥ እግሩ በእስክሪብቶ ጫፍ ቆዳው ትንሽ ጎድጎድ እስኪል ይነካል፤ የተነካበትን ቦታ በጣቱ ያሳያል። ከዚያ ትንሿን ጣት ወደ ውጭ፣ አውራ ጣትን ወደ ላይ፣ እግርን ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ እያነሳ ጉልበቱ ይታያል። መደንዘዝ በስኳር ሕመምና በቫይታሚን እጥረትም ይመጣል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ከመገመት መመርመር ይሻላል።

«ነርቩ ካላመመ አልተጎዳም»

ምንም ሕመም ሳይኖር የሚሞት ነርቭ አለ። ለዚህ ነው ምርመራው መድኃኒት በሚወሰድበት በየወሩ መደገም ያለበት። ስሜት የሌለው እጅ ምጣድ ላይ ሲቃጠልም አይናገርም።

«ዓይኔ አልከደን ያለው ምች መትቶኝ ነው»

ዳማከሴ ሲጨመቅ ሳምንታት ያልፋሉ፤ የሚያስቆጨውም ይህ ነው። የፊት ነርቭ ሲቆጣ ሽፋሽፍቱ አይገጥምም። እንደ እንቅልፍ ቀስ ብለው ዓይንዎን ይክደኑ፤ ሌላ ሰው ክፍተት ካየ፣ ጥቂት ሚሊሜትርም ቢሆን፣ ያው ምልክት ነው። የዓይንን ስሜት የሚወስደው ነርቭም ከተጎዳ አቧራ ቢገባም አይሰማም፤ መርገብገቡ ይቀንሳል፤ የዓይን መስታወቱ (የፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን) ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ ጠባሳው ብርሃን ይጋርዳል። ሕክምናው እስኪያዝ ቀን መነጽርና ባርኔጣ፣ ማታ ንጹሕ ጨርቅ ዓይን ላይ ማድረግ፣ እያሰቡ ቶሎ ቶሎ ማርገብገብ፣ ጠዋት በመስታወት መቅላቱን ማየት። የቅጠል ጭማቂ ዓይን ውስጥ አይግባ።

«ዓይን የሚቀላው በኩበት ጭስ ነው፤ ጠብታ ይበቃዋል»

ጭስ ሁለቱንም ዓይን ያስለቅሳል፤ ከቤት ሲወጡ ይተዋል። በብሌኑ ዙሪያ የሚቀላ፣ ውስጡን የሚያም፣ ብርሃን የማያስችል፣ እይታን የሚያደበዝዝ ከሆነ ግን የውስጥ ብግነት ነው። ብሌኑ ጠብቦ ይታያል። ባለ ቀለሙ ክፍል ከኋላው ካለው ሌንስ ጋር ሲጣበቅ የዓይን ፈሳሽ መውጫ አጥቶ ግፊት ሊጨምር ይችላል። ሐኪም ብሌን የሚከፍት ጠብታ (አትሮፒን) እና ብግነት የሚያበርድ የስቴሮይድ ጠብታ ያዛል፤ ይህም በዚያው ቀን መጀመር አለበት። ያው የስቴሮይድ ጠብታ ያለ ምርመራ ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ በቆሰለ ዓይን ላይ ቢጨመር ቁስሉን ያባብሳል። ስድስት ሜትር ላይ ያለን ጣት መቁጠር ያቃተው ሰው ነገ ሳይል ዓይን ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ይሂድ።

«ክኒኑ አሳበጠኝ፤ ስለዚህ አቆምኩት»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የሥጋ ደዌ መድኃኒቶቹ ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን አንድ ላይ ለ6 ወይም ለ12 ወር በነጻ ይሰጣሉ። ሪአክሽን ከሕክምናው በፊት፣ በመሃል፣ ከጨረሱም በኋላ ሊነሳ ይችላል፤ ክኒን ማቆም አያበርደውም፣ ባክቴሪያውን ግን ያስተርፋል። የሽንት መቅላትና የቆዳ መጥቆርም ከመድኃኒቶቹ ቀለም የሚመጡ እንጂ ጉዳት አይደሉም። ለየት የሚለው ሙሉ ሰውነት የሚያሳክክ ሽፍታ፣ የቆዳ መላላጥ ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ነው፤ ያን ጊዜ ወዲያው ጤና ጣቢያ።

ሪአክሽኑ ነርቭ ሲነካ ብግነቱን ለማብረድ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን የተባለ የስቴሮይድ ክኒን ነው። ብዙውን ጊዜ ለአዋቂ በቀን ከ40 እስከ 60 ሚ.ግ. ይጀመራል (ባለ 5 ሚ.ግ. ክኒን ከሆነ ከ8 እስከ 12 ፍሬ)፤ ጠዋት ከምግብ በኋላ ይወሰድና በወራት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ይቀነሳል። ሕመሙ ሲቀልል በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ሁለት ጉዳት አለው፦ ብግነቱ ያገረሻል፣ ሰውነትም የራሱን ሆርሞን ማምረት ስላቆመ ሰው ሊዝለፈለፍ ይችላል። ከመጀመሩ በፊት ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ሳል (ቲቢ) እና የሆድ ትል ይታያሉ። ጉዳቱ ከ6 ወር ያልበለጠው ነርቭ የመመለስ ተስፋው ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ይመነምናል።

«ጸበል የገባ ክኒን አይወስድም»

ሸንኮራ ዮሐንስ የሚጠመቅ ሰው ክኒኑን ይዞ ይሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ፕሬድኒሶሎን በባዶ ሆድ ስለሚያውክ ስለ ጾሙ የንስሐ አባትን ማማከር ነው። የውስጥ እግሩ የደነዘዘ ሰው እስከ ጸበሉ ዳር ጫማ ያድርግ፤ ማታም እሾህና ቁስል ይፈልግ።

«በዘር ይወርዳል»

አይወርድም። ከብዙ ጊዜ ቅርበት በኋላ በትንፋሽ የሚተላለፍ ባክቴሪያ ነው፤ አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው ይቋቋመዋል፤ ሕክምና የጀመረ ሰውም ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል። አብረውት የሚኖሩት ይመርመሩ እንጂ አይሽሹት።

«ክኒኑን ጨርሻለሁ፤ ከእንግዲህ አይመለከተኝም»

ባክቴሪያው ሞቶም ቅሪቱ ብግነት ሊያስነሳ ይችላል። የቆየ የቆዳ ምልክት ከቀላና ካበጠ፣ ክርን ሲነካ ካመመ፣ እግር መሬት ከጎተተ፣ ዓይን ከቀላ፣ በቀናት ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ካርድ ክፍል ላይም «ከዓመታት በፊት ሥጋ ደዌ ታክሜያለሁ» ብለው ይናገሩ፤ ያ ካልተነገረ የመረመረዎት ባለሙያ ነርቭዎን ላያየው ይችላል።