«ባትሪው ሞቷል» ከመባሉ በፊት

አዳማ ላይ መኪና ጠዋት አልነሳ ካለ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ ሳያልቅ ፍርዱ ይሰጣል። ጎረቤቱ፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ ባለሱቁ፣ ሁሉም ኤሌክትሪሺያን ነው። እኔም በዚሁ ፍርድ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። በሳምንቱ ያው ችግር ተመልሶ መጣ።

«ቁልፍ ሲዞር ቀጭ ቀጭ ካለ ባትሪው ሞቷል።»

ሊሆን ይችላል። ግን መጀመሪያ ለኩት። ቮልት የሚለካ ተራ ቴስተር ይበቃል። መኪናው ጥቂት ሰዓት ከቆመ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ቻርጅ ይፈልጋል። ሙሉ ሆኖም ሞተሩ ሲነሳ ከ9.6 በታች ከወረደ፣ ያኔ በእርግጥ ደክሟል።

የእኔ አልወረደም። ስለዚህ ጥቁሩን የቴስተር ጫፍ የባትሪው ነጌቲቭ (−) የእርሳስ ጫፍ ላይ (የገመዱ መቆንጠጫ ላይ ሳይሆን)፣ ቀዩን የሞተሩ ብረት ላይ አደረግሁ። ማርሹ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዟል፤ ወንድሜ ቁልፉን አዞረ። ከግማሽ ቮልት በታች መሆን ሲገባው 2 ገደማ አለኝ። ከነጌቲቩ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኬብል ስፈታው ከላስቲኩ ስር አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል። የባትሪው ብር እንግዲህ ሄደ!

«የባትሪ ምልክት በራ ማለት ባትሪ ይቀየር ማለት ነው።»

ምልክቱ የሚናገረው ስለ ቻርጅ ነው። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ማየት አለባችሁ። 12 ላይ ቆሞ እየወረደ ከሄደ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገውን ዲናሞና እሱን የሚያዞረውን ቺንጋ (ቀበቶ) እዩ።

«ዲናሞው መሥራቱን ለማወቅ፣ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ንቀል።»

ይሄ የላዳ ዘመን ምክር ነው። ዛሬ ቪትዝ ላይ ብትሞክሩት ድንገት የሚዘለው ቮልቴጅ የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። ቴስተር እያለ ምን አስጨነቃችሁ?

«ፊውዝ እየደጋገመ ከተቃጠለ ከፍ ያለ አምፒር ይግባ።»

ባለ 10 በነበረበት ባለ 20 ስታስገቡ፣ ከፊውዙ በፊት የሚቀልጠው ሽቦው ነው። የመዳብ ክር መጠምጠም ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በፊውዙ በኩል ኤሌክትሪክ የሚያገኙትን ነገሮች አንድ በአንድ ነቅላችሁ የቱ ላይ እንደሚቃጠል እዩ። እኔ ብሆን በኋላ ከተገጠመ አላርምና ቴፕ እጀምር ነበር።

«ባትሪ የሚገድለው ብርድ ነው፤ እዚህ አያሰጋም።»

ብርድ የደከመን ባትሪ ያጋልጣል። ዕድሜውን የሚበላው ግን ሙቀት ነው፤ ውሃውን ያተናል፣ ውስጡን ቶሎ ያዝጋል። የአዳማ ፀሐይ ስር የሚውል መኪና ካላችሁና ባትሪው ክዳኑ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ፣ ውሃውን በየጊዜው እዩት። ከጎደለ የተጣራ (ዲስቲልድ) የባትሪ ውሃ ጨምሩ፤ የቧንቧ ውሃ አይሆንም።