የመዝናኛ ፓርክ መጫወቻዎች ደኅንነት፦ ሮለር ኮስተርና ሌሎች ፈጣን ማሽኖች

ሰውን በከፍታ፣ በፍጥነትና በመገለባበጥ ለማስደንገጥ የተሠሩ መጫወቻዎች በርካታ ናቸው። ሮለር ኮስተር፣ ከማማ ጫፍ የሚለቀቁ መቀመጫዎች፣ የሚወዛወዙና የሚሽከረከሩ ክንዶች፣ ትላልቅ የውኃ ሸርተቴዎች ይገኙበታል። በአማርኛ ስለ አሠራራቸውም ስለ አደጋቸውም የተጻፈው ጥቂት ነው። ይህ ዳሰሳ በሮለር ኮስተር ላይ ያተኩራል፤ ሌሎቹን የሚያነሳው ምርመራቸው በደንብ ሲታወቅ ነው። ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዘርፉ ዓለም አቀፍ ማኅበር አይኤኤፒኤ፣ በአሜሪካ ቋሚ ፓርኮች ከባድ ጉዳት የሚደርሰው ከ15.5 ሚሊዮን ጉዞ በአንዱ ነው ይላል። ስሌቱ የማኅበሩ የራሱ ነው፤ ከከተማ ወደ ከተማ እየተነቀሉ የሚተከሉትን የባዛር ማሽኖችም አያካትትም። ያም ሆኖ ዘመናዊ ኮስተር ጥርጣሬ ሲገባው ራሱን እንዲያቆም ተደርጎ የተሠራ ማሽን ነው። በደንብ የተመረመሩት አደጋዎች ሲነበቡ ብረት በድንገት ተሰብሮ የተከሰቱት ጥቂት ናቸው። ደጋግሞ የሚታየው ማሽኑ የተሠራለትን መከላከያ ሰው በእጁ ማለፉ፣ ወይም መከላከያው ከመጀመሪያው አለመገጠሙ ነው።

አጭር ታሪክ

መነሻው በሴንት ፒተርስበርግ አካባቢ በክረምት ይሠራ የነበረው የበረዶ ሸርተቴ ነው። በ1817 በፓሪስ ጎማቸው ከሀዲዱ እንዳይወጣ የተያዘ ጋሪዎች ታዩ። በ1884 ላማርከስ ቶምፕሰን በኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ፣ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ መጫወቻ ከፍቶ በ5 ሳንቲም ያሳፍር ነበር። በ1895 እዚያው የተከፈተው ፍሊፕ ፍላፕ ቀለበቱ ፍጹም ክብ ስለነበር ጋሪው ወደ ክቡ ሲገባ በተሳፋሪው አንገት ላይ ከባድ ጫና ያሳርፍ ነበር። ችግሩ በአጥጋቢ ሁኔታ የተፈታው በ1976 ነው። በካሊፎርኒያ ማጂክ ማውንቴን ጀርመናውያኑ አንቶን ሽቫርትስኮፍና ቨርነር ሽቴንግል ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያለ ቀለበት ሠሩ። ጋሪው ፈጣን በሆነበት በታችኛው ክፍል ኩርባው ሰፊ ስለሆነ ጫናው ቀስ እያለ ይመጣል።

በ1919 ጆን ሚለር ከሀዲዱ ሥር የሚሽከረከር ጎማ የባለቤትነት መብት አገኘ። በ1959 በዲዝኒላንድ የተከፈተው ማተርሆርን በብረት ቱቦ ሀዲዱና በአንድ መስመር ላይ ብዙ ባቡር በማስኬድ ፈር ቀደደ። በሜይ 30 ቀን 1972 በለንደን ባተርሲ ፓርክ ወደ ላይ እየተጎተተ የነበረ ባቡር ከገመዱ ተላቆ ወደ ኋላ ሲንሸራተት 5 ሕፃናት ሞቱ።

ባቡሩን ሀዲድ ላይ የሚይዘው

እያንዳንዱ ጋሪ ሀዲዱን በሦስት ዓይነት ጎማ አቅፎ ይይዛል። የላዩ ክብደት ይሸከማል፣ የጎኑ ኩርባ ላይ ይመራል፣ የሥሩ ደግሞ ጋሪው በኮረብታ አናት ላይ እንዳይነሳ ይይዛል። ጎማዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በፖሊዩረቴን የተለበጡ ናቸው። በሙቀት ልባሱ ከብረቱ ሊለቅ ይችላል፤ በብርድ ደግሞ የኩሽኔታው ግሪስ ስለሚጠጥር ባቡሩ ይዘገያል። ስለዚህ በብርዳማ ጠዋት፣ በነፋስ፣ ባዶውን የሚላክ ባቡር ሁለት ኮረብታዎች መካከል ቆሞ ሊቀር ይችላል። ቀላል ስለሆነ ነፋሱና ሰበቃው ቶሎ ያሸንፉታል።

ሰንሰለት ሲጎትተው የሚሰማው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ፣ ከጋሪው ሥር ያለ ምላስ በመወጣጫው ጥርሶች ላይ እያለፈ ሲወድቅ የሚያሰማው ነው። ሰንሰለቱ ቢበጠስ ምላሱ ከቀጣዩ ጥርስ ላይ ተደግፎ ባቡሩን ያስቀራል። ድምፁን ለመቀነስ ምላሱን በማግኔት ወይም በአየር አንስተው የሚይዙ አዳዲስ ሥሪቶችም አሉ።

የፍሬኑ ሕግ ደግሞ ከመኪና ፍሬን በተቃራኒው ነው። ሞላ ይዘጋዋል፣ የታመቀ አየር ይከፍተዋል። መብራት ቢጠፋ ወይም የኮምፕሬሰር ቱቦ ቢፈነዳ ፍሬኑ ይይዛል እንጂ አይለቅም። የማግኔት ፍሬን ጭራሽ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። በጋሪው ሥር ያለው የብረት ምላስ በማግኔቶች መካከል ሲያልፍ ፍጥነቱ ይበላል፤ ነገር ግን ፍጥነቱ ባነሰ ቁጥር ኃይሉም ስለሚያንስ ፈጽሞ ማቆም አይችልም። ለዚህ ነው መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ የሚይዝ ፍሬን የሚኖረው።

ከሁሉም በላይ ያለው የብሎክ ሥርዓት ነው። መስመሩ በክፍሎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል የሚያልቀው ባቡሩን ሙሉ በሙሉ ማቆም በሚቻልበት ቦታ ነው፤ ለምሳሌ በመወጣጫ አናት፣ በመሃል ፍሬን ወይም በጣቢያ። ቀጣዩ ክፍል ባዶ መሆኑ ካልተረጋገጠ ባቡሩ አይለቀቅም። 5 ብሎክ ባለው መስመር ቢበዛ 4 ባቡር ይሄዳል፤ አንዱ ምንጊዜም ባዶ መሆን አለበት። ከሀዲዱ ዳር ያሉ ሴንሰሮች ወደ ብሎኩ የገባውንና የወጣውን ይቆጥራሉ። ፒኤልሲ የሚባለው መቆጣጠሪያ ኮምፒውተርም ብዙ ጊዜ ጥንድ ነው፤ ሁለቱ ስሌት ካልተስማሙ ሁሉም ይቆማል።

ይህን ሥርዓት የሚያልፍ አንድ ነገር ብቻ አለ፦ በቁልፍ የሚዞር የእጅ አሠራር። ያለ እሱ ጥገና አይቻልም። ቁልፉ ወደ «እጅ» በዞረ ቅጽበት ግን ብሎኩ ባዶ መሆኑን የሚያረጋግጠው ሴንሰር መሆኑ ቀርቶ የቴክኒሻኑ ዓይን ይሆናል። ዓይን ደግሞ ሙሉ መስመሩን ከአንድ ቦታ አያይም።

መያዣ

በጭን ላይ የሚወርድ ዘንግ ወይም በትከሻ ላይ የሚወርድ መያዣ በጥርስ አልያም በሃይድሮሊክ ሲሊንደር ይቆለፋል። ለሚገለባበጡ ማሽኖች መቆለፊያው ድርብ ሲሆን አንዱ ቢከሽፍ ሌላው ይይዛል፤ በአሜሪካው የዲዛይን ደረጃ ኤፍ2291 ከአምስቱ የመያዣ ክፍሎች አምስተኛው የሚጠይቀው ይህንን ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ መቆለፊያው ሳይሆን ቦታው ነው። ዘንጉ ጭን ላይ ሳይሆን ሆድ ላይ ሲያርፍ፣ በመሃል ወፍራም ጃኬት ወይም ቦርሳ ሲገባ፣ ልጅ ተንሸራቶ ሲቀመጥ ሴንሰሩ «ተዘግቷል» ይላል፤ ሰውየው ግን አልተያዘም። ለዚህ ነው ኦፕሬተሩ መብራቱን አይቶ ሳያልፍ መያዣውን አንድ በአንድ ወደ ላይ ስቦ የሚፈትነው። ፈጣን ሰልፍ ሲኖር መጀመሪያ የሚዘለለውም ይኸው ነው።

የቁመት መለኪያውም የተቀመጠው ለፍርሃት ተብሎ አይደለም። ዘንጉ የልጁን ዳሌ መያዝ ስላለበት ነው። በትላልቅ ኮስተሮች ዝቅተኛው ብዙ ጊዜ ከ137 እስከ 140 ሴንቲ ሜትር ነው። ልጃቸው ጫማ ውስጥ ወረቀት ጠቅጥቀው መለኪያውን የሚያሳልፉ ወላጆች በየአገሩ አሉ፤ ልጁን ከዘንጉ ሥር ለመውጣት እያመቻቹት መሆኑን ግን አያስተውሉም።

ጠዋት በሩ ሳይከፈት

የፓርኩ ስም የሚጠበቀው በጥገና ክፍሉ ነው፤ ይህ ክፍል ሥራውን የሚጨርሰው ጎብኚ ሳይመጣ ስለሆነ ማንም አያየውም። ቴክኒሻኑ በመጀመሪያ የማሽኑን ኃይል ዘግቶ የራሱን ቁልፍ ይቆልፍበታል። ሦስት ሰው ሀዲድ ላይ ካለ ሦስት ቁልፍ ይንጠለጠላል፤ የመጨረሻው ሰው ወርዶ የራሱን ሳይፈታ ማሽኑ አይነሳም። ከዚያ ሀዲዱን ይዞራል። ብሎንና ዳዶ ላይ የተሰመረው የቀለም መስመር ተሰብሮ ካየ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው። የጎማ ልባስ ስንጥቅ፣ የኩሽኔታ ሙቀት፣ የሰንሰለት ውጥረት፣ የፍሬን ሽፋን ውፍረት፣ የመያዣ ሲሊንደር የዘይት ፍሳሽ በየተራ ይታያሉ። መያዣዎቹ ተዘግተው ይሳባሉ። በመጨረሻ ባዶ ባቡሮች ይዞራሉ፤ በአንዳንድ ፓርክ ውኃ የተሞሉ የሰው ቅርጾች ይሳፈራሉ። ሁሉም በፊርማ ይዘጋል።

በዓመት አንድ ጊዜ ባቡሩ እስከ ብሎኑ ይፈታል። በዋና ዋና ብየዳዎች ላይ ማግኔታዊ ዱቄት ወይም ስንጥቅ የሚገልጥ ቀለም ይቀባል፤ ዓይን የማይደርስበት የብረት ውስጥ ደግሞ በአልትራሳውንድ ይለካል።

የተመረመሩ አደጋዎች

ስማይለር፣ አልተን ታወርስ። በእንግሊዝ ስታፎርድሻየር ያለው ይህ ኮስተር በጀርመኑ ጌርስትላወር ተሠርቶ በሜይ 2013 ሲከፈት 14 ጊዜ በመገልበጥ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። ጁን 2 ቀን 2015 ሰልፉ ስለበዛ አምስተኛ ባቡር ተጨመረ። በሙከራ የተላከ ባዶ ባቡር በነፋስ ተገትቶ ከመስመሩ መሃል ቆሞ ቀረ። ከዚያ 16 ሰው የጫነው ተከታዩ ባቡር ወጣ፤ የብሎክ ሥርዓቱም በትክክል አቆመው። መሐንዲሶቹ ግን ባዶው ባቡር ከፊት መቆሙን አላወቁም፤ ሁሉም ባቡር በቦታው ነው ብለው በማመን ማቆሙን እንደ ሴንሰር ስህተት ቆጠሩት፣ በእጅ አልፈውም ለቀቁት። በግጭቱ ሁለት ወጣት ሴቶች እግራቸውን በቀዶ ጥገና አጡ። ወደ አደጋ ጊዜ የተደወለው ከ17 ደቂቃ በኋላ ነበር፤ ተሳፋሪዎቹም ከመሬት 6 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለሰዓታት ተይዘው ቆዩ። በዚያን ቀን ነፋሱ በሰዓት 45 ማይል ገደማ እንደነበር ሲገመት፣ የአምራቹ መመሪያ የሚፈቅደው 34 ማይል ነበር። በሴፕቴምበር 2016 የስታፎርድ ፍርድ ቤት የፓርኩን ባለቤት በ5 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣ። የደኅንነት ባለሥልጣኑ ጥፋቱን ያሳረፈው በመሐንዲሶቹ ላይ ሳይሆን፣ ባቡር ቆሞ ሲቀር ምን እንደሚደረግ የሚነግር የተጻፈ አሠራር ባላዘጋጀው ድርጅት ላይ ነው፤ ትክክልም ነበር። ማሽኑ በማርች 2016 ተመልሶ ሲከፈት ከማቆሚያ በኋላ የማስነሳት ፈቃድ ወደ ላይኛ ኃላፊ ተዛወረ።

ተንደር ሪቨር ራፒድስ፣ ድሪምወርልድ። በአውስትራሊያ ጎልድ ኮስት ባለው በዚህ የውኃ ታንኳ መጫወቻ ኦክቶበር 25 ቀን 2016 አንድ ፓምፕ ሲቆም ውኃው ወረደና አንድ ታንኳ ሀዲዱ ላይ ተቀመጠ፤ ማጓጓዣው የኋላውን ታንኳ እየገፋ አመጣበት። 4 ሰው ሞተ። ፓምፑ በዚያው ቀን ቀደም ብሎ ሁለት ጊዜ ቆሞ ነበር። ውኃ ሲጎድል ማጓጓዣውን በራሱ የሚያቆም ሴንሰር አልነበረም። ቅጣቱ በ2020 3.6 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሆነ።

ኦርላንዶ ፍሪ ፎል። በፍሎሪዳ ማርች 24 ቀን 2022 ከዚህ 131 ሜትር ከፍታ ካለው ማማ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ወድቆ ሞተ። ምርመራው የመቀመጫው ሴንሰር በእጅ ተስተካክሎ እንደነበር አገኘ፤ መያዣው ከመቀመጫው 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቆም መብራቱ ይበራ ነበር። ልጁ ከአምራቹ የክብደት ወሰን በላይ ነበር፤ ተጨማሪ ቀበቶም አልነበረም።

ፌሩክት፣ ካንሳስ። 51 ሜትር ከፍታ የነበረው ይህ የውኃ ሸርተቴ በኦገስት 7 ቀን 2016 የአንድ የ10 ዓመት ልጅ ሕይወት ቀጠፈ። ታንኳው በሁለተኛው ኮረብታ ላይ ተነስቶ መረቡን ከያዘው ብረት ጋር ተጋጨ። መያዣው የሚጣበቅ ጨርቅ ነበር፤ በወቅቱ የካንሳስ ሕግም ፓርኩ ራሱን በራሱ እንዲፈትሽ ይፈቅድ ነበር። በኃላፊዎቹ ላይ የተከፈተው የወንጀል ክስ በ2019፣ ክስ ይመሥረት አይመሥረት ብሎ ለሚወስነው የዜጎች ጉባኤ (ግራንድ ጁሪ) አግባብ ያልሆነ ማስረጃ ቀርቧል ተብሎ ተዘጋ፤ ስለዚህ ጥፋተኝነቱ በፍርድ አልተወሰነም። ዲዛይኑ መጥፎ መሆኑ ግን አያከራክርም።

ፋየር ቦል፣ ኦሃዮ። ጁላይ 26 ቀን 2017 በኮሎምበስ ባዛር የዚህ የሚወዛወዝና የሚሽከረከር ማሽን ክንድ ተሰብሮ አንድ ወጣት ሞተ፣ 7 ሰው ቆሰለ። ማሽኑ የዚያኑ ዕለት ፍተሻ አልፎ ነበር። ኔዘርላንዳዊው አምራች ምክንያቱ በክንዱ ውስጠኛ ክፍል የተጠራቀመ ዝገት ነው አለ። በውጭ የተቀባ ብረት ውስጡ ምን እንደሆነ ዓይን አይነግርም።

በጁላይ 2025 መጨረሻ በሳዑዲ አረቢያ ጣኢፍ «360 ዲግሪ» የተባለ የሚወዛወዝ ማሽን ምሰሶው ተሰብሮ 23 ሰዎች እንደተጎዱ ተዘግቧል።

ሕግና ደረጃ

በአሜሪካ የመጫወቻ ማሽኖችን ደረጃ የሚያወጣው፣ የደረጃ አውጪው ድርጅት የኤኤስቲኤም ኤፍ24 ኮሚቴ የተቋቋመው በ1978 ነው። አውሮፓ ኢኤን 13814 የተባለውን ደረጃ ይጠቀማል፤ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ደግሞ አይኤስኦ 17842 ነው። በአሜሪካ የፌዴራሉ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ከ1981 ወዲህ የሚቆጣጠረው ተንቀሳቃሽ ማሽኖችን ብቻ ነው፤ ቋሚ ፓርክ በየግዛቱ ሕግ ይተዳደራል።

የሚነፉ መዝለያዎች

በአዲስ አበባ የልጆች መጫወቻ ሥፍራዎችና በልደት ድግስ ላይ ቤተሰብ በብዛት የሚያገኘው ኮስተር ሳይሆን በአየር የሚነፋ መዝለያ ስለሆነ አንድ ነገር ማለት ይገባል። በዲሴምበር 2021 በአውስትራሊያ ዴቨንፖርት በአንድ ትምህርት ቤት ነፋስ አንስቶት 6 ሕፃናት ሞተዋል። በእንግሊዝ መመሪያ መሠረት ቢያንስ 6 ማሰሪያ ያስፈልጋል፤ ካስማው 380 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ሆኖ ወደ መሬት ሙሉ በሙሉ ይመታል። አስፋልት ላይ ከሆነ በእያንዳንዱ ማሰሪያ 163 ኪሎ ግራም ክብደት ይታሰራል፤ ሁለት ጀሪካን ውኃ አይበቃም። መንፊያው በጄኔሬተር የሚሠራ ከሆነ ነዳጁ በሥራ መሃል እንዳያልቅ ቀድሞ ይሞላል፤ መብራት ሲጠፋ ግድግዳው ልጆች ላይ ይወርዳልና አንድ አዋቂ ከበሩ አይለይም። ነፋሱ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ፣ ማለትም ትናንሽ ዛፎች መወዛወዝ ሲጀምሩ፣ መጀመሪያ ልጆቹ ይወርዳሉ፣ ከዚያ መንፊያው ይጠፋል።