ኩሚያ ምንድን ነው? ስለቱ የፈረንጅ ከሆነስ?

ሰሞኑን አንድ ሰው የሞሮኮ ጩቤ ፎቶ ለጥፎ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ወዲያው አንዱ ፈረደ። «ስለቱ ላይ የአውሮፓ ማህተም አለ። ፌክ ነው። ኦርጅናል ኩሚያ ስለቱ የሀገሬው መሆን አለበት።» ይህን ፍርድ ያላነበብኩበት ጊዜ የለም። ዛሬ ግን በዝቶብኛል።

ኩሚያ የሞሮኮ ቆልማማ ጩቤ ነው። ከእጀታው እስከ ወገቡ ገደማ በአንድ ጎን ብቻ ይቆርጣል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጫፉ በሁለቱም በኩል ስል ነው። ሳዑዲ ወይም የመን የኖራችሁ የምታውቁት ጃምቢያ የሚባለው ጩቤ ቀበቶ ላይ፣ ሆድ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው። ኩሚያ ግን ከቀኝ ትከሻ በሚወርድ ገመድ በግራ ጎን ይንጠለጠላል። ሰገባው ግራና ቀኝ ጆሮ ያለው፣ ጆሮዎቹም ቀለበት ያላቸው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ፈራጁ ልመለስ።

የሞሮኮ ወደቦች ከአውሮፓ ጋር ሲነግዱ ኖረዋል። ስለት ደግሞ ብቻውን ለማጓጓዝ ቀላል ዕቃ ነው። ኒምቻ በሚባለው የሞሮኮ ሰይፍ ላይ የአውሮፓ ስለት ማግኘት የተለመደ ነው። ኩሚያ ላይም ያጋጥማል። ስለቱ ከባህር ማዶ ይመጣል፣ እጀታውንና ሰገባውን የሀገሬው ባለሙያ ይሠራል። የእኛንም ጎራዴ አስቡ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ስንቱ ስለት ከአውሮፓ ተሠርቶ መጣ! የጀርመኗ ከተማ ዞሊንገን አንዷ ምንጭ ነበረች። አንበሳውና የአማርኛ ጽሑፉ ጭምር እዚያው የተቀረጸባቸው አሉ። ታዲያ ወንድሜ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአያትህን ጎራዴ ፌክ ትለዋለህ?

ነገሩ እንደ ሚኒባስ ነው። ሞተሩ ተቀይሯል፣ ቦዲው ሁለቴ ተቀብቷል፣ ወንበሩ አዲስ ተለብዷል። ሊብሬው ላይ ግን አንድ ዓመተ ምህረት አለ። ኩሚያ ሊብሬ የለውም። ስለቱ ከአንድ ዘመን፣ እጀታው ከሌላ፣ ሰገባው ደግሞ ከሁለቱም በኋላ ሊሆን ይችላል። «የስንት ዓመት ነው?» ስባል «የቱ ክፍሉ?» እላለሁ። ጠያቂው ይናደዳል፤ መልሱ ግን ይኸው ነው። ሞተሩ የተቀየረ ሚኒባስ መስመሩን ሠርቷል፣ ሰው አመላልሷል። ማንም ፌክ አይለውም። ጉዱ ሞተር ሳይኖረው ቦዲው ብቻ ለማሳያ የተሠራው ነው።

ለቱሪስት የተሠሩት እንደዚያ ናቸው። ስለቱ ከስስ ላሜራ ተቆርጧል፣ ጠርዙ ተስሎ አያውቅም፣ ስትነቀንቁት እጀታው ውስጥ ይንቀጫቀጫል። (እነሱም ቢሆኑ የሞሮኮ ሥራ ናቸው፤ ውሸቱ ሻጩ የሚጨምረው ዕድሜ ላይ ነው።)

ሌላው ፍርድ ደግሞ «ስለቱ ከሰገባው ያጥራል፣ ተቀይሯል» የሚለው ነው። የኩሚያ ሰገባ ጫፉ ላይ ከስለቱ ይበልጥ ወደ ላይ ይቆለመማል። ስለቱ እስከ መጨረሻው አለመድረሱ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ዝገትም እንደዚሁ። ዝገት የሚነግራችሁ ብረቱን እርጥበት ወይም አሲድ እንዳገኘው ነው። አንድ ክረምት ምድር ቤት የከረመ አዲስ ላሜራም ይዝጋል። «ዝገቱን እዩት፣ 200 ዓመት አለው» የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ ዋጋውን እንኳ አትጠይቁ።

እኔ መጀመሪያ የማየው ጆሮውን ነው። ቀለበቱን ከፍ አድርጉና ያረፈበትን ቀዳዳ እዩ። ለዓመታት በገመድ ተንጠልጥሎ የዋለ ኩሚያ ቀዳዳው እንደተበሳ ክብ ሆኖ አይቀርም። ቀለበቱ በሚጎትተው በኩል ተበልቶ ሞላላ ይሆናል። ቀጥሎ ሰገባውን ገልብጡ። ጌጡ ብዙውን ጊዜ ፊቱ ላይ ይበዛል፣ ጀርባው ቀለል ይላል። ጀርባው ሰውነት ላይ የሚያርፈው ጎን ስለሆነ ልብስ ሲፈትገው ኖሯል። እዚያ ያለው ጭረት ስል ነው ወይስ ለስልሷል? በጣታችሁ ዳስሱት። አሲድ ብረት ያዘጋል እንጂ ልብስ እንደሚያለሰልሰው አያለሰልስም።

ሳትጠይቁኝ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ በብርጭቆ ወረቀት እንዳታሹት። ማህተም ካለው አብሮ ይሄዳል። ሲታሽ ነጭ ስላብለጨለጨ ደግሞ ብር ነው ማለት አይደለም፤ ብር የሌለበት የኒኬልና የመዳብ ቅይጥም አለ። ሁለተኛ፣ እጀታውን ዝሆን ጥርስ ነው ካሏችሁ በአጉሊ መነጽር እዩት። ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካለው አጥንት ነው። የሚጠላለፉ ስስ መስመሮች ካሉት ግን በእርግጥም ዝሆን ጥርስ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሳታጣሩ ድንበር አታሻግሩት። የአፍሪካ ዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታግዷል፤ ለአሮጌ ዕቃም ቢሆን ጉምሩክ ወረቀት ይጠይቃል። በጋለ መርፌ ወግቶ መሞከር የሚባለውንም ተዉት፣ እጀታው ላይ የማይድን ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል።

ፎቶ ለምትልኩልኝ ደግሞ፦ የሰገባውን ጀርባና የሁለቱን ጆሮዎች ቀዳዳ ቀረብ አድርጋችሁ አንሱልኝ።