ጎንደር–ላሊበላ፦ የአየር ርቀትና የበረራ ጊዜ

ከጎንደር ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ (መለያው ጂ-ዲ-ኪው) እስከ ላሊበላ (ኤል-ኤል-አይ) ያለው ቀጥተኛ የአየር ርቀት 179 ኪሎ ሜትር ወይም 97 የባሕር ማይል ያህል ነው። በመኪና ግን በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና ስለሚዞር ከ350 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከጋሸና ላሊበላ ብቻ 64 ኪሎ ሜትር ነው። አውሮፕላኑ በለሳን አቋርጦ፣ የተከዜን ሸለቆ ተሻግሮ ላስታ ይገባል።

አየር መንገዳችን ለአጭር የአገር ውስጥ በረራ የሚጠቀምበት ኪው-400 በሰዓት እስከ 667 ኪሎ ሜትር ይበርራል። በዚህ ፍጥነት ቢሰላ 16 ደቂቃ በበቃው ነበር። እውነታው ግን አየር ላይ ብቻ ግማሽ ሰዓት ግድም ነው፤ አውሮፕላኑ ከፍታ ይዞ ሳይደላደል መውረድ ይጀምራል፣ ወደ ማኮብኮቢያው አቅጣጫ ለመዞርም ደቂቃዎች ይሄዳሉ። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚንቀሳቀስበትንም ስለሚጨምር ከዚህ ይረዝማል። ወደ ምሥራቅ ሲበር በሺህ ሲቆጠር ጎዶሎ የሆነ የከፍታ እርከን (ለምሳሌ 17,000 ጫማ)፣ ወደ ምዕራብ ሲመለስ ሙሉ (18,000) ይይዛል።

ሁለቱም ማረፊያዎች ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ግድም ላይ ናቸው። የላሊበላው ማኮብኮቢያ 2,400 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ችግሩ ከርዝመቱ ይልቅ ሙቀቱ ነው። ሙቀት 27 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ይሳሳና አውሮፕላኑ 9,500 ጫማ (2,900 ሜትር ግድም) ላይ እንዳለ ሆኖ ይነሣል፤ ክንፉ የሚያነሣው ክብደት ይቀንሳል፣ መንደርደሪያው ይረዝማል። ጠዋት መብረር የሚመረጠው በዚህና ክረምት ከሰዓት በኋላ በሚከብደው ደመና ነው። ጎንደር ማረፍ ካልተቻለ ባሕር ዳር 102 ኪሎ ሜትር ላይ ትገኛለች።

መስመሩ በፊት በትንንሽ አውሮፕላኖች፣ ኋላ በፎከር 50 ይሸፈን ነበር፤ ኪው-400 የመጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ኅዳር 4 ቀን 2013 የጎንደር ማረፊያ በሮኬት ተመታ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ላሊበላም በጦርነቱ በትግራይ ኃይሎች እጅ ወደቀች።

ቀጥታ በረራ በሌለበት ቀን በአዲስ አበባ መዞር ግድ ነው። ጎንደር–አዲስ አበባ 420፣ አዲስ አበባ–ላሊበላ 332፣ በድምሩ 752 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከቀጥታው አራት እጥፍ በላይ። መቀመጫ የሚጠፋው ታኅሣሥ 29 ቀን በላሊበላ ገናና ጥር 11 ቀን በጎንደር ጥምቀት መካከል ባሉት ቀናት ነው፤ ሁለቱንም በዓል በአንድ ጉዞ ማክበር የሚሻ ሰው ብዙ ነው፣ ማን ይፈርድበታል!

ከደጅ እስከ ደጅ ሲቆጠር ጊዜው ሌላ ነው። የጎንደር ማረፊያ ከአዘዞ በኩል ነው፤ አንዳንዱ 18፣ አንዳንዱ 21 ኪሎ ሜትር ይለዋል፣ ከፒያሳ ሲለካና ከከተማው ዳር ሲለካ ይለያያልና። ግማሽ ሰዓት ይያዝለት። ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ፣ በረራው፣ ሻንጣ መቀበልና ከማረፊያው ወደ ላሊበላ ከተማ 23 ኪሎ ሜትር ዳገት (ከፍታው 500 ሜትር ያህል ይጨምራል) ሲደመር አራት ሰዓት ይጠጋል። በመኪና ግን ሙሉ ቀን ነው።

ብዙ መንገደኛ በረራ የሚያመልጠው በሰዓት አቆጣጠር ነው። ትኬት ላይ 07፡30 ማለት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ 13፡30 ደግሞ ቀን ሰባት ተኩል። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ፣ በስልክ ለዘመድ ሲነገር ሁለቱንም ጠርቶ ማረጋገጥ ይበጃል።